ኧረ ገጹን ግለጡት!

ኧረ እናንተ ሰዎች! አስፈሪ ግራፊክ ኖቭል አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ካላነበባችሁ የያዛችሁትን ሁሉ አስቀምጡና ስሙኝ! ልቤ ገና ድው ድው ይላል። እጄ ገና አልሞቀም። ደስታዬ ግን! ደስታዬን ለማን ልንገር? እንዲህ ያለ ድንጋጤና እንዲህ ያለ ደስታ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ታጭቆ ሲገኝ ዝም ይባላል እንዴ? በፍጹም አይባልም!

ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር የሚተረከው በሥዕል ነው። ገጹ በሳጥን በሳጥን ይከፋፈላል። በየሳጥኑ አንድ ቅጽበት አለ። ሰዎቹ የሚናገሩት እዚያው አጠገባቸው በክብ መስመር ተከብቦ ይጻፋል። አለቀ! ድምፅ የለ። ሙዚቃ የለ። ሲጥ የሚል በር የለ። ወረቀትና ቀለም ብቻ! እና ያ ዝም ያለ ወረቀት ጠጉር ያቆማል! በላብ ያጠምቃል! ሌሊት ተነስታችሁ የቤቱን መብራት ሁሉ እንድታበሩ ያደርጋችኋል! ወረቀት እኮ ነው!

ምስጢሩ የት እንዳለ ልንገራችሁ? ገጹ ላይ ነው! ገጹን በመግለጥ ላይ! ፊልም ስታዩ ፍርሃቱ ራሱ ነው የሚመጣባችሁ። ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ፣ ያልፋል። እዚህ ግን አያልፍም! እናንተ ካልሄዳችሁበት አይመጣም፣ ካልመጣ ደግሞ አያስተኛችሁም። እስቲ አስቡት። ልጅቷ በሩን ከፈተች። የገጹ የመጨረሻ ሳጥን ላይ ፊቷ ብቻ አለ። ዓይኗ ፈጧል። አፏ ተከፍቷል። ምን አየች? ምን? ያየችው ነገር ከወረቀቱ ጀርባ ነው! በእናንተና በእሱ መካከል ያለው አንዲት ስስ ቅጠል ናት! ጣታችሁ የቅጠሏን ጫፍ ይዟል። ማንም አያጣድፋችሁም። ማንም አያስገድዳችሁም። በገዛ እጃችሁ ትገልጡታላችሁ። እና... ኡ! ኡኡ! ሙሉ ገጽ! በአንድ ጊዜ! ዓይን ላይ!

ይኼ ስሜት ሱስ ነው። እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ አፋችሁ እየነደደ እጃችሁ ተመልሶ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልግባ። ጁንጂ ኢቶ! ይህን ስም ጻፉት። ጃፓናዊ ነው። በ1963 ጊፉ በሚባለው አውራጃ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)። መጀመሪያ ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? የጥርስ ቴክኒሺያን! ቀን ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው፣ ከሥራ መልስ ጭራቅ ሲስል! ሥዕሎቹን ስታዩ ደግሞ ይገባችኋል። ያ እጅ የለመደ እጅ ነው። አጥንት ያውቃል። ድድ ያውቃል። የሰው ሥጋ የት ጋ እንደሚታጠፍና የት ጋ መታጠፍ እንደሌለበት ያውቃል። እና መታጠፍ የሌለበት ቦታ ላይ ያጥፈዋል!

«ኡዙማኪ»ን አንብቡ። ከሱ ጀምሩ። በቃ ከሱ! ከ1998 እስከ 1999 በሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ የወጣ ሥራ ነው፤ አሁን ሁሉም ተሰብስቦ በአንድ ጥራዝ ይገኛል። ከ600 ገጽ በላይ! እንዳትደነግጡ፣ ይበርራል። ውኃ ልጠጣ ብላችሁ አትነሱም። ስልካችሁ ይጮኻል፣ አትሰሙትም።

ታሪኩ ይኼ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ኪሪዬ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት የምትተርክልን። የዚህች ከተማ ጠላት ማን ነው? ጅብ ነው? አይደለም። ነፍሰ ገዳይ ነው? አይደለም። ሙት መንፈስ? አይደለም! ጥምዝምዝ ነው! ቅርጽ! ተራ ቅርጽ! ቀንድ አውጣ ጀርባ ላይ ያለችው፣ ውኃ ከመታጠቢያ ሲወርድ የምትታየው፣ ሕፃን ልጅ እርሳስ ሲይዝ መጀመሪያ የሚስላት ያቺ ዙሪያ ዙሪያዋን እየዞረች የምትጠብ መስመር! ከተማዋ በዚህች መስመር ተረገመች። በቃ ይኼው ነው። ምክንያት የለ፣ ማብራሪያ የለ። እንዴት ቅርጽ ሰው ያስፈራል? አንብቡትና ንገሩኝ! እኔ እንጃ፣ ከዚያ ወዲህ ሻዬን በማንኪያ ሳማስል ብርጭቆው ውስጥ አላይም!

መጀመሪያው ላይ ኪሪዬ መንገድ ላይ የጓደኛዋን የሹዊቺን አባት ታያለች። ሰውየው ጠባብ መንገድ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ግድግዳ ላይ አፍጥጧል። ሰላም ትለዋለች፣ አይሰማም። ምንድን ነው የሚያየው? ቀንድ አውጣ! የቀንድ አውጣዋን ጀርባ! ይህን ብቻ ነው የምታዩት። አንድ ሰው ወደ ግድግዳ ዞሮ ቁጢጥ ብሏል። እና አንጀታችሁ ይርገበገባል! ምንም አልሆነም እኮ! ምንም! ከዚያ ሰውየው ጥምዝምዝ ያለበትን ዕቃ ሁሉ መሰብሰብ ይጀምራል። ሥራ ይተዋል። ቤቱን በዕቃ ይሞላል። ሚስት በቃኝ ብላ ስትጥልበት ምን ይላል? ዕቃው አያስፈልገኝም፣ በራሴ ገላ መሥራት እችላለሁ ይላል። እና ዓይኖቹ... ዓይኖቹ መዞር ይጀምራሉ! አንዱ በዚያ፣ አንዱ በዚህ! ገጹ ላይ እኮ ነው፣ ሥዕል እኮ ነው፣ አይንቀሳቀስም፤ ግን እምላለሁ ሲዞሩ አየሁ! ከዚያ የሚመጣውን አልናገርም። ክብ የእንጨት ገንዳ አለ ብቻ ልበላችሁ። ገንዳው ጋ ስትደርሱ አስታውሱኝ!

የሹዊቺ እናትስ? እናትየዋ ደግሞ በተቃራኒው ጥምዝምዝ የሚባል ነገር ማየት አትችልም። ትሸሻለች። ጥሩ፣ ትሽሽ። ግን ጣቶቻችሁን ተመልከቱ እስቲ። አሁን! ጫፋቸውን! አያችሁት? እዚያም አለ! ሴትየዋም አየችው። ወይ ጉድ! ይህን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ደፍቼ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ተመልሼም ገለጥኩት።

ደግሞ ሥዕሉ! አቤት ሥዕሉ! ጥቁርና ነጭ ነው፣ ግን ጥቁሩ አንድ ዓይነት ጥቁር አይደለም። ኢቶ ጥላውን የሚሠራው በቀጫጭን መስመር ነው። በመቶ፣ በሺህ፣ እንደ ፀጉር በቀጠኑ መስመሮች! ፊቶቹ ንጹሕ ናቸው። ልጆቹ ቆንጆ ናቸው። ከተማው ጸጥ ያለ፣ ቤቶቹ ሥርዓት ያላቸው። ሁሉ ነገር ልክ ነው። ከዚያ ገጹን ስትገልጡ ያ ሁሉ መስመር በአንድ ላይ ይነሳና ይፈላል! ሰማዩ ይጠመዘዛል። ሣሩ ይጠመዘዛል። ከአስከሬን ማቃጠያው የወጣው ጭስ እንኳ እየተጠመዘዘ ወጥቶ ወደ ኩሬው ይወርዳል! ገጹን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አንድ በአንድ ተከተልኳቸው። እያንዳንዷ መስመር በእጅ ተሰምራለች! አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ አሰመረ!

ምዕራፎቹ ደግሞ አያልቁም፣ አንዱ ከአንዱ ይብሳል። በዝናብ ቀን ብቻ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ አለ። ቀርፋፋ ነው። ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጀርባው ላይ የሆነ ነገር እያበጠ ነው። ወይኔ! ገባችሁ አይደል? ገባችሁ! ኪሪዬ ራሷ አንድ ቀን ስትነቃ ፀጉሯ ተጠቅልሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ሽቅብ ወጥቷል። ልትቆርጠው ስትል አንገቷን ያንቃታል! የገዛ ፀጉሯ! የመብራት ማማ ያለበት ምዕራፍ አለ። ሆስፒታል ያለበት ምዕራፍ አለ፤ ትንኞችና እርጉዝ ሴቶች፤ እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻላል። አንዳንዴ ሳላስበው እስቃለሁ። እየጮኽኩ እስቃለሁ! ጩኸቱና ሳቁ እንዲህ ጎን ለጎን መኖራቸው በጣም፣ በጣም ነው የገረመኝ።

እና ስለ ኢቶ ይህን ሁሉ ተናግሬ «አሚጋራ»ን ሳልነግራችሁ ላልፍ ነበር! አጭር ታሪክ ናት። «ግዮ» የሚባለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተለጥፋ ነው የምትገኘው። («ግዮ» ራሱ ዓሦች እግር አውጥተው ከባሕር ሲወጡ ነው። ሽታው ከገጹ ይመጣል!) አሚጋራ ላይ መሬት ተንቀጥቅጦ አንድ ተራራ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ገደል ላይ ቀዳዳዎች ይታያሉ። የሰው ቅርጽ ያላቸው! ራስ፣ ትከሻ፣ እጅ፣ እግር፣ ልክ ሰው ተቀርጾ እንደወጣባቸው። ብዙ ናቸው። ሰዎች ከየቦታው ሊያዩ ይመጣሉ። እና እያንዳንዱ ሰው ከዚያ ሁሉ ቀዳዳ መካከል የራሱን ልክ ያገኛል። የራሱን ቁመት! የራሱን ትከሻ! ከዚያ ምን ያደርጋል? ምን ታደርጋላችሁ እናንተ? ዘመዶቼ፣ ሊፍት ውስጥ ስገባ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል! ጠባብ ነገር በሙሉ ያስታውሰኛል! የመጨረሻዋ ገጽ... አልልም! አልልም!

ኢቶ ከየት ተማረው ብዬ ስከታተል ደግሞ ካዙኦ ኡሜዙን አገኘሁ። የጃፓን አስፈሪ ማንጋ (እዚያ የሥዕል ታሪክን እንዲህ ይሉታል) አባት ማለት እሱ ነው! ኢቶ ገና ሕፃን ሳለ ታላላቅ እህቶቹ የሚያነቡትን የኡሜዙን ሥራ እየነጠቀ አየ። አድጎ በ1987 የመጀመሪያ ሥራውን ለአንድ መጽሔት ውድድር ላከ። ውድድሩ በማን ስም ነበር? በኡሜዙ! ዳኛውስ ማን ነበር? ራሱ ኡሜዙ! ይህ ነገር አያስለቅስም? የኡሜዙ «ተንሳፋፊው ክፍል» ከ1972 እስከ 1974 የወጣ ነው። አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከነተማሪዎቹ፣ ከነአስተማሪዎቹ ከቦታው ብድግ ብሎ ይጠፋል፤ ልጆቹ በመስኮት ሲያዩ ውጭው በረሃ ነው። ልጆቹ ብቻቸውን! ይጮኻሉ፣ አፋቸው የገጹን ግማሽ ይይዛል። ሰውየው ራሱ ቀይና ነጭ ሸንተረር ያለው ሹራብ የሚለብስ፣ ቶኪዮ ያለ ቤቱንም ቀይና ነጭ ሸንተረር የቀባ ሰው ነበር። ቤቱን! ጎረቤቶች ከሰሱት፣ እሱ ረታ! እንዴት አልወደውም?

ቀለም እፈልጋለሁ ካላችሁ ደግሞ ኤሚሊ ካሮል! ካናዳዊት ናት። «በጫካው ውስጥ» የተባለው መጽሐፏ በ2014 ወጣ፣ በማግስቱ ዓመት የኮሚክ ሰዎች የሚመኙትን የአይስነር ሽልማት አገኘ። አምስት ታሪክ ነው። ጥቁር፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ እና ቀይ። ቀዩ! ያ ቀይ! በረዶ ላይ ሲፈስ ታዩታላችሁ፤ ዓይን ያቃጥላል። የመጀመሪያው ታሪክ ላይ ሦስት እህትማማቾች አሉ። አባታቸው በክረምት ጥሏቸው ይሄዳል፤ በሦስተኛው ቀን ካልተመለስኩ ጎረቤት ሂዱ ይላቸዋል። አይመለስም። ከዚያ አንዷ እህት ሌሊት ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ የሚስቅ ሰው መጣ ትላለች። በነጋታው የለችም። የት ሄደች? ገጹ ባዶ ነው! ነጭ በረዶ፣ አልጋ፣ በር። ኢቶ ሁሉን ያሳያችኋል፤ ካሮል ደግሞ ትከለክላችኋለች። እና የከለከለችኝ ይበልጥ አላስተኛኝም! ሌላው ታሪክ ላይ አዲስ ሙሽራ ትልቅ ቤት ትገባለች፤ ሌሊት ከግድግዳው ውስጥ ዘፈን ይሰማል። ድምፅ የሌለው መጽሐፍ ውስጥ ዘፈን! ቃላቱ በቀይ እየተጠማዘዙ ገጹን ያቋርጣሉ፤ ዓይኔ እየተከተለ ጆሮዬ ሰማ!

እዚህ ላይ ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ! በላዔ ሰብእ! 78 ሰው የበላው በላዔ ሰብእ! በተአምረ ማርያም የምናውቀው፣ ጥርሱን አግጦ እጅና እግር ይዞ ግድግዳ ላይ የተሳለው! መጀመሪያ ሲበላ፣ ከዚያ ለተጠማው ለማኝ ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፣ ከዚያ ሚዛኑ፣ ነፍሳቱ በአንድ በኩል፣ ውኃው በሌላ በኩል። በሥዕል፣ በተራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ! ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጎንደር በእሳት የተከበበውን ዲያብሎስ ቆማችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሳጥን ከፋፍለው ሸራ ላይ የሚስሉትንስ ሠዓሊዎቻችንን? ሳጥኑን እኛ እናውቀዋለን! ፍርሃቱንም እናውቀዋለን! ለእኛ ዓይን ይህ መጽሐፍ ባዳ አይደለም፣ እኔ በበኩሌ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ኧረ የኛ ሠዓሊዎች አንድ ቀን ይህን ይሥሩልን! ጭራቅ አለን፣ ቡዳ አለን፣ ሌሊት የሚጮኸው ጅብ አለን!

ሌላም አለ፣ ሌላም! «30 የሌሊት ቀናት»! አላስካ፣ ያኔ ባሮው ትባል የነበረች ከተማ፣ ክረምት ሲገባ ፀሐይ የማትወጣባት። ደም መጣጮች ሰሙ። ፀሐይ የሌለበት ከተማ! ሮጠው መጡ! ስቲቭ ናይልስ ጻፈው፣ ቤን ቴምፕልስሚዝ ሳለው፤ በ2002 ወጣ፤ ገጾቹ ጭስና ደም የተቀባባቸው ይመስላሉ። «ሎክ ኤንድ ኪ»ስ? የስቲቨን ኪንግ ልጅ ጆ ሂል ከቺሊያዊው ሠዓሊ ከጋብሪኤል ሮድሪጌዝ ጋር የሠሩት! አሮጌ ቤት፣ ቁልፎች፣ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ጉድ አለው። አንዱ ቁልፍ አንገት ላይ ይገባና ራስ እንደ ክዳን ይከፈታል! ውስጡ ትዝታ ሲርመሰመስ ይታያል! የቻርልስ በርንስ «ብላክ ሆል» ደግሞ አሥር ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። ሲያትል አካባቢ፣ 1970ዎቹ፣ ወጣቶች ከአንዱ ወደ አንዱ የሚተላለፍ በሽታ ይይዛቸዋል። አንዷ ቆዳዋን ትለውጣለች፤ አንዱ አንገቱ ላይ ሁለተኛ አፍ ያበቅላል። ያቺ አፍ ትናገራለች! «ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን ጥቁርና ነጭ ኮሚክ ነው፣ ከ2003 እስከ 2019፣ 193 እትም! የመጨረሻው እትም መጨረሻ መሆኑ ቀድሞ ሳይነገር ወጣ። አንባቢው ገልጦ ሲያበቃ አበቃ! እንዴት ያለ ጭካኔ! እንዴት ያለ ውበት!

ይህ ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ማወቅ ትፈልጋላችሁ? በ1954 አሜሪካ ውስጥ አስፈሪ ኮሚክ ጉዳይ ሴኔት ድረስ ሄዷል! ሴኔት! ከዚያ በኋላ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አወጡ፤ በርዕስ ላይ ሽብር፣ ፍርሃት የሚሉ ቃላት ተከለከሉ፣ ደም መጣጭ ተከለከለ፣ ተነስቶ የሚሄድ ሬሳ ተከለከለ! ወረቀት ላይ የተሳለ ሬሳ! ግን ተመልሶ መጣ። ተነስቶ የሚሄድ ሬሳ መቼ ተኝቶ ይቀራል!

በሉ አሁን ተነሱ! አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ አጠገባችሁ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግቡና የግራፊክ ኖቭል መደርደሪያው የት እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ቦታ በነፃ ነው! እቅፍ ሙሉ ይዛችሁ ውጡ! የጃፓኖቹ መጽሐፍ የሚከፈተው በቀኝ በኩል ነው፣ ሳጥኖቹም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበቡት፤ እስራኤልና ዓረብ አገር ያላችሁ ደግሞ እጃችሁ ለምዶታል፣ እናንተ ቀድማችሁን ትጀምራላችሁ! አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ያዙ! ሽቶው ይቅር! ቸኮሌቱ ይቅር! «ኡዙማኪ» ይምጣ!

ሌሊት አንብቡት። ብቻችሁን። ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ አንዲት መብራት ብቻ በርታ። ስልኩን ሌላ ክፍል ጣሉት። አትቸኩሉ። እያንዳንዷን ሳጥን ተመልከቱ፣ ጥጉን ተመልከቱ፣ ከሰውየው ጀርባ ያለውን መስኮት ተመልከቱ፣ እዚያ የሆነ ነገር አለ! የገጹ ጫፍ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ሲከብድ ይሰማችኋል። ያን ጊዜ ቆም በሉ። ያቺ ቅጽበት ናት! ትንፋሻችሁን ስሙት! ከዚያ ግለጡት! ከጮኻችሁም ጩኹ፣ ጎረቤት ይነሳ፣ እሱም ያንብብ!

እኔ አሁን «ቶሚዬ»ን ልጀምር ነው። ኢቶ ለኡሜዙ ውድድር የላካት ያቺ የመጀመሪያዋ ሥራ! ቆንጆ ልጅ ናት፣ ያያት ወንድ ሁሉ ያብዳል፣ አብዶ ይገድላታል፣ እሷ ግን ትመለሳለች። ከቆራረጧት ደግሞ ከየቁራጩ አንዲት ሙሉ ቶሚዬ ትበቅላለች! ከየቁራጩ! ጥራዙ ወፍራም ነው፣ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ የመጀመሪያውን ገጽ ጫፍ ይዣለሁ፣ በሉ ደህና እደሩ፣ ገለጥኩት!